በሮብማ አይሆንም

በፍልሰታ ይፋግ ከተማ መኪና ስጠብቅ የኔታ ይርጋን አገኘኋቸው። ፊደል ያስቆጠሩኝ፣ ደብረ ታቦር ተቀምጠው ብራና የሚጽፉ አዛውንት ናቸው። ልጃቸውን ትዝታን ክንዷን ይዘው ከጣራ ገዳም ጠበል ይመለሳሉ። ልጅቱ መንገዱ ላይ ያለውን ጉድጓድ ሳታየው ረገጠችና ተንገዳገደች። ሌላውን ክንዷን ያዝሁላት።

«የኔታ፣ ሐኪሙ ጭንቅላቷ ውስጥ ዕጢ አለ፣ ቶሎ ይውጣ ብሎ አልነበር?»

«ብሏል። ኋላም ደውሎ ‹በሮብ እንሠራታለን› አለኝ። በል ፍረድ! በሮብ፣ ያውም በዐቢይ ጾም፣ ደም ይፈሳል? ‹በሮብማ አይሆንም› ብዬ ዘጋሁበት።»

ክው አልሁ። «የኔታ፣ በሮቦት ብሎዎት ይሆናል! ለቀዶ ሕክምና የሚያግዝ የብረት ክንድ ነው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን በሣቅ በፈረስሁ። ግን ከወራት በፊት፣ ሐኪሙ ሲደውል፣ ልጅቱ መርፌ ላይ ክር ታስገባ ነበር፤ ዛሬ የእግሯ ሥር ጉድጓድ አይታያትም። «አልሰማሁም፣ ድገምልኝ» ማለት ምን ይጎዳናል? ጠይቆ ከማፈር ሳይጠይቁ መቅረት ይቀለናል፤ እኔን ጨምሮ።

«ይሄማ የባሰ ነው!» አሉ የኔታ። «ብረት ምን አንጀት አለውና የልጄን ራስ አምኜ እሰጠዋለሁ?»

«ብረቱ በራሱ አይቆርጥም። አንቱስ ብራናው ላይ ከመጻፍዎ በፊት በወስፌ መስመር ያሰምሩ የለም? ለምንድን ነው?»

«እጅ ይስታላ! ሰው አይደለሁ?»

«ሐኪሙም ሰው ነው። ዕጢው ያለበትን በማሽን አይቶ መንገዱን አስቀድሞ ያሰምራል። ክንዱ መሣሪያውን ሳይንቀጠቀጥ በዚያው መስመር ይይዝለታል፤ ጤነኛው የአንጎል ክፍል እንዳይነካ። የሚያዘው ሐኪሙ ነው።»

«አትሞትም ትለኛለህ?»

«እሱን አልልዎትም። ዕጢው ሳይወጣ መቀመጡ ግን ይገድላታል።»

«አባባ፣ እንሂድ» አለች ትዝታ። «ጨለመብኝ እኮ።»

የኔታ አንገታቸውን ደፍተው አለቀሱ። በማግስቱ ይዘዋት ሄዱ።

ዕጢው ወጣ። ያሠቃያት የነበረው ራስ ምታት ተዋት፤ እየተንገዳገደች መውደቋም ቀረ። ዓይኗ ግን አልተመለሰም። ሐኪሙ «ያኔ በዐቢይ ጾም መጥታ ቢሆን ዓይኗ ይተርፍ ነበር» አለ።

አሁን የኔታ የታመመ ያለበትን ቤት ሁሉ ያንኳኳሉ። «ጠበላችሁን ጠጡ፤ ሐኪም ዘንድም ሂዱ። ያልገባችሁን ደግማችሁ ጠይቁ። እጅ ብቻውን በማይደፍረው ቦታ የሚያግዝ መሣሪያ መጥቷል፤ ቶሎ ለደረሰ ነው እንጂ» ይላሉ።

«ልጅዎን ማን አዳናት?» ሲሏቸው፣ «እግዜር፣ በሐኪሞቹ እጅ» ብለው ይመልሳሉ። «ዓይኗን ያጠፋሁት ግን እኔ ነኝ።»