ጥፋተኛ የተባለው ሴንሰር

የሸንኮራ አገዳ እርሻ ቃጠሎ ሲጀመር በደሴታችን ላምባሳ ከተማ ላይ ጥላሸት ይዘንባል፤ ልብስ ማስጣትም ከንቱ ድካም ይሆናል። በዚያ ሰሞን አንድ ቅዳሜ ጧት ገበያ ወርጄ ካሳቫ ስመርጥ አንዲት ወጣት ከኋላዬ፣

«ሲስተር ቫሴማካ! እናቴ እኔን ስትወልድ ያዋለዷት እርስዎ አይደሉም?» አለችኝ።

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከተራራው ማዶ ባለው ጤና ጣቢያ ስላገለገልሁ እንዲህ የሚለኝ ብዙ ነው። ስሟ ሴሬይማ ነበር። ዋና ከተማው ሱቫ ከሚገኘው የሙያ ትምህርት ቤት በመኪና ጥገና ተመርቃ ወደ ትውልድ ቀዬዋ ከተመለሰች ገና ሦስት ሳምንቷ ነው። ሙያዋን ስትነግረኝ ካሳቫውን ትቼ ብሶቴን ዘረገፍሁላት።

መኪናዬ ሜዳ ላይ ደኅና ትሄዳለች፤ ተራራውን ስትጀምር ግን ትንፋሽ ያጥራታል። ከሁለት ሳምንት በፊት ምጥ የያዛትን ሴት ወደ ሆስፒታል ሳደርስ አጋማሽ ዳገት ላይ ቀጥ አለችብኝ። ልጁን በዝናብ ውስጥ እኋላ ወንበር ላይ ተቀበልሁት። እናትም ልጅም ተረፉ፤ እኔ ግን የሚቀጥለውን እያሰብሁ እንቅልፍ አጣሁ። ከተማ ያለ አንድ ጋራዥ መሣሪያ ሰክቶ «የኦክስጅን ሴንሰሩ ነው» ብሎ ቀየረልኝ። በአራተኛው ቀን ዳሽቦርዱ ላይ ያ ብርቱካንማ መብራት ተመልሶ በራ።

«አሁን የድሮው መካኒኬ ካካ ጋጃዳር ሞተሩ አርጅቷል ብሎ ሰኞ ሊፈታው ነው። አንድ ወር ይፈጃል ብሎኛል» አልኋት።

«አንድ ወር ያለ መኪና? ምጥስ አንድ ወር ይጠብቅዎታል?» ብላ ሳቀች። «ሳይፈታ አንዴ ልየው።»

ከሰዓት በኋላ ይዣት ሄድሁ። ካካ ጋጃዳር ማንጎው ሥር ተቀምጦ ሻዩን ፉት ይላል። አርባ አንድ ዓመት የሠራ፣ ሁሉም «ካካ»፣ አጎቴ፣ የሚለው፣ እጁ ንጹሕ፣ ቃሉ የታመነ ሰው ነው። የመጣንበትን ስነግረው ስኒውን አስቀመጠ።

«ልጄ፣ ሞተር የሚታወቀው በጆሮ ነው። እኔ ካርቡራቶር ስፈታ አባትሽ እንኳ ገና አልተወለደም ነበር።»

«እውነትዎን ነው ካካ። ጆሮዎን አልንቅም» አለች በአክብሮት። «ግን ጆሮዎ ሞተሩ በሰከንድ ስንት ግራም አየር እንደሳበ ይነግርዎታል?»

«አየር ደግሞ በግራም? ገበያ ልትሸጪው ነው?»

«ኮምፒውተሩ እኮ አየሩን መዝኖ ነው ቤንዚኑን የሚሰፍረው። አየር መግቢያው ላይ ያለው ሴንሰር የገባውን ይመዝናል። ጭስ መውጫው ላይ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ደግሞ ቃጠሎው እንዴት እንደነበር ይናገራል። አንዱ ሚዛን ነው፣ ሌላው ምስክር።»

«ምስክሩ ተቀይሯል፤ አዲስ ነው። በሽታው ግን አልለቀቃትም» አለ ካካ በድል አድራጊነት።

«እኔም የምለው ይህንኑ ነው! ምስክሩ የሚለው ‹ቤንዚን አንሷል› ነው። የከተማው ጋራዥ ሰዎችም ስለ ተናገረ ጥፋተኛ አደረጉት።»

ይህን ስሰማ አፈርሁ። በሽተኛ ሲያተኩሰው ቴርሞሜትር አውጥቼ የምጥል ነርስ አይደለሁም፤ በመኪናዬ ላይ ግን ልክ ይህን ፈቅጃለሁ። ያልገባን ነገር ሲሆን ወሬ ያመጣውን መቅጣት ይቀለናል።

ሴሬይማ ኮፈኑን ከፍታ መጀመሪያ የአየር ቱቦዎቹን በእጇ እየዳሰሰች ስንጥቅ ፈለገች፤ አልነበረም። ከዚያ መሣሪያዋን ሰክታ ሞተሩን አስነሣች። ኮምፒውተሩ ከመደበኛው ላይ ሃያ አምስት በመቶ ቤንዚን እየጨመረ ነበር።

«አሁን ምስክሩን እንፈትነው» አለችና ካልተለኮሰ የብየዳ ጋዝ ጥቂት ወደ አየር መግቢያው ለቀቀች። ዜሮ ነጥብ አንድ ላይ ተኝቶ የነበረው የኦክስጅን ሴንሰሩ የቮልት ቁጥር ወዲያው ወደ ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ ዘለለ። ጋዙን ስትዘጋው ተመልሶ ወረደ።

«አዩት ካካ? ሲበዛ በዛ፣ ሲያንስ አነሰ ይላል። አይዋሽም።»

«እና የሚዋሸው ማነው?» ካካ ከማንጎው ሥር ተነሥቶ ቀርቧል።

«እስቲ ነዳጁን ይርገጡልኝ።»

ረገጠ። ሞተሩ አቃሰተ፤ የአየሩ ቁጥር ግን ጥቂት ተንቀሳቅሶ ቆመ። ሴሬይማ የአየር መመዘኛውን ሶኬት ነቀለችና «ደግመው ይርገጡ» አለች። በዚህ ጊዜ ሞተሩ ያለ ማንገራገር ጉልበት አገኘ።

ካካ አንገቱን ቀለሰ። «ድምፁ ተለወጠ» አለ ቀስ ብሎ። «ያ የሚያፍነው ነገር የለም።»

«ያለ ሚዛኑ ኮምፒውተሩ በግምት ይሰፍራል። ግምቱ ከሚዛኑ ከተሻለ ሚዛኑ ተበላሽቷል ማለት ነው። ሞተሩማ ጤነኛ ነው!»

ሴንሰሩን ፈትታ አወጣችው። ፀጉር የሚያህሉት ሽቦዎች በዘይትና በጥላሸት ተለብጠው ጠቁረዋል።

«እዚህ ዘይት ከየት መጣ?» አልሁ እኔ ሳላስብ።

ካካ ጋጃዳር የአየር ማጣሪያውን ፊልትሮ አንሥቶ በጣቱ ጨመቅ አደረገው፤ ጣቱ ረጠበ።

«ከእኔ» አለ። «የአገዳ ጥላሸት በበዛ ቁጥር ፊልትሮ ዘይት እቀባለሁ። ሥራ ያስተማረኝ ጌታዬ እንዲህ ያደርግ ነበር።»

ሴሬይማ ቶሎ ብላ፣ «በዘመኑ ልክ ነበሩ ካካ» አለችው። «የያኔዎቹ የጭነት መኪኖች ፊልትሮ ዘይት ውስጥ ነበር የሚቀመጠው። ሽቦ የሚባል ከኋላው አልነበረም። ይህኛው ግን ወረቀት ነው፤ ዘይቱን አየሩ እየጠረገ ሽቦው ላይ ይለጥፈዋል።»

ሽማግሌው ጨርቅ አንሥቶ ሽቦውን ሊጠርግ ሲል እጁን ያዘችው። «ይበጠሳል! ለሱ ብቻ የተሠራ መርጫ አለ፤ ረጭተን ማድረቅ ነው እንጂ አይነካም።»

«እሺ እመቤቴ» አላት፤ ሁላችንም ሳቅን።

ሴንሰሩ ታጥቦ ደረቀ፣ ደረቅ አዲስ ፊልትሮ ገባ። ሦስታችንም ተራራውን ወጣን። ነጂዋ እኔ ነበርሁ። ያ ሕፃን የተወለደበት ቦታ ስንደርስ መኪናዋ ፍጥነቷን ሳትቀንስ አለፈች። ሴሬይማ ከኋላ ሆና ኮምፒውተሩ የሚጨምረውን ቤንዚን «አምስት በመቶ… ሦስት በመቶ» እያለች ታነባለች። ካካ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ያዳምጣል።

«ሰኞ ልፈታው ነበር» አለ ጫፉ ላይ ስንደርስ። «ጤነኛ ሞተር።»

«ያልለኩትን አይፍቱ፤ ሌላ ነገር አልልዎትም» አለችው።

ያ ወቅት ካለፈ ሁለት ዓመት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ስድስት እናቶችን ተራራውን አሻግሬ ሆስፒታል አድርሻለሁ፤ መኪናዬም ድሮ ከምትጠጣው ቤንዚን ቀንሳለች። ሴሬይማ እዚያው ጋራዥ ትሠራለች። ካካ ያዳምጣል፣ እሷ ትለካለች፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ምንም ነገር አይፈታም፣ ምንም ዕቃ አይገዛም። ልማድን መመርመር የሽማግሌን ክብር እንደማይቀንስ ያየሁት በእነሱ ነው።

ከሁሉ የማልረሳው ግን በዚያ ቅዳሜ ማግሥት፣ እሑድ፣ የሆነውን ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ካካ ጋጃዳር ሸሚዙን ተኩሶ፣ ደረቅ ፊልትሮዎች በከረጢት ይዞ የሰው በር ሲያንኳኳ አገኘሁት።

«ምን ሆነሃል ካካ? በእሑድ ቀን?»

«ዘይት የቀባሁላቸውን አስባቸው ነበር» አለኝ። «አሥራ ሰባት ቤት ነው። ሳይመጡብኝ ልሂድባቸው ብዬ ነው።»

በሩ ተከፈተ። ቆቡን አወለቀና፣ «ወንድሜ፣ መኪናህ ዳገት እምቢ አላለችህም? ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ኮፈኑን ክፈትልኝ» አለ።