ምን አለሽ?

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከታላቅ እህቴ ጋር ከተክለ ሃይማኖት በታክሲ ወደ መርካቶ ስንሄድ፣ ከፊታችን የተቀመጡት ሽማግሌ አጠገባቸው ያለውን ወጣት አወቁት።

«በሪሞት የሚነዱ ትንንሽ መኪኖችን ቋጥኝ በማስወጣት የምታወዳድረው አንተ አይደለህም?»

«ነኝ፣ ጋሼ።»

«ልጄን ከበር ነው የመለስካት።»

«መኪናዋ የቆርቆሮ ነበር። የሌሎቹ ከዱባይ ተራ የተገዛ ነው።»

«ሞተሩን ከአሮጌ ቴፕ አውጥታ፣ ሌላውን ከምን አለሽ ተራ ውዳቂ ብረት ለቃቅማ ነው የሠራችው። ከዚያ ወዲህ መፍቻ አልነካችም።»



«ተራው ራሱ ምን አለሽ ይላል እንጂ ከየት ገዛሽ አይልም!» አለ ሾፌሩ።

ወጣቱ ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«እሑድ ይዛው ትምጣ፣ ጋሼ። አነዳዱንም እናሳያታለን። በር ላይ የምጠይቃት እኔ ነኝ።»

«ምን ብለህ?»

«ምን አለሽ ብዬ።»

እህቴ በማግሥቱ የተበላሸውን ቴፓችንን ፈታታችው።