ከአጥሩ ሥር ያስነሣን ሰው

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ እማማ ባየሽ፣ ባለቤቱ እህታችን ማንአልሞሽ፣ ከኤቨረትም ከዋይት ሴንተርም ሥራችሁን ትታችሁ የመጣችሁ ወገኖች፤ እግዚአብሔር ሁላችንንም ያጽናን። አክሊሉ እባላለሁ። ከሀይለየሱስ ጋር በዚህ በስደት አገር ለዓመታት አብረን ታክሲ ነድተናል።

ዛሬ እዚህ መቆም ፈርቻለሁ። ይህን ጉድጓድ ማየት ፈርቻለሁ። ሀይለየሱስ በእኔ ቦታ ቢሆን እንዲሁ ይናገር ነበርና እኔም ልናገረው።

ስፒድዌይ የሚባለውን የሞተር ውድድር እንደሚወድ ከመካከላችን የማያውቅ አለ? ክብ የአፈር መንገድ፣ አራት ሞተር ሳይክል፣ አንዱም ፍሬን የለውም! በጋው ሲገባ ቫኑን በኛ ሞልቶ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ወደነበረው ትራክ ይወስደን ነበር። ትራኩ ዛሬ ፈርሷል።

እንደ ፈረንጆቹ በ2009 አንድ ቅዳሜ ነው። ጠዋት ዘነበ። ከሰዓት ፀሐይ ወጣ። የትራኩ ሰዎች «ደርቋል» አሉ። ግማሹ ተመልካች «ይጀመር!» ግማሹ «ጭቃ ነው!» እያለ ይጯጯሃል። እኛ መታጠፊያው ላይ፣ አጥሩ ሥር ተቀምጠናል። ሀይለየሱስ የነጂዎቹን ልምምድ ሲያይ ቆየና ፊቱ ተለወጠ።

«አክሊሉ፣ ተነሡ። ወደ ላይ እንውጣ።»

«ኧረ ባክህ! ገና ፓርክ ሳታደርግ ሮጠን የያዝነውን ቦታ?»

«ፈራሁ።»

«ሶ? አንተ ስለፈራህ ሁላችን እንነሣ?»

«አዎ። ስለፈራሁ።»

ሳቅንበት። እሱ ግን ወደ እማማ ባየሽ ዞረ። «እማማ፣ በሞቴ፣ ይነሡልኝ።» እሳቸው ተነሡ። እሳቸው ከተነሡ ማን ይቀመጣል? እያጉረመረምን ወጣን።

ውድድሩ ተጀመረ። መታጠፊያው ላይ የአንዱ የኋላ ጎማ ተንሸራተተ። ያ ድምፅ! እዚያ የነበራችሁ፣ አሁንም አይሰማችሁም? ሞተሩ አጥሩን ጥሶ፣ ተቀምጠንበት የነበረውን አግዳሚ ለሁለት ከፈለው። እማማ ባየሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ማን ወደ ታች ወረደ? የሳቅንበት ሰው! እየተንቀጠቀጠ ወረደ። አምቡላንስ እስኪደርስ ከነጂው አጠገብ ተንበርክኮ በአማርኛ ያወራው ነበር። ፈረንጁ አንድም ቃል አልገባውም፤ ዓይኑን ግን ከሀይለየሱስ ላይ አላነሣም። እግሩ ተሰብሮ ነበር፤ ነፍሱ ግን ተረፈች።

ከዚያ በኋላማ ክርክሩ መጣ። ቼሪ መንገድ ላይ ካለው ምግብ ቤት ለምሳ በተቀመጥን ቁጥር፣ «ትራኩ እርጥብ ነበር»፣ «የለም፣ ነጂው ነው ያጠፋው»። ሁለት ወዳጆቻችን በዚህ ተኳርፈው ዓመት ሙሉ ሳይነጋገሩ ቆዩ። ዛሬ አንዱ በቀኜ፣ አንዱ በግራዬ ቆመዋል። ሀይለየሱስን «አንተ አይተሃል፣ ፍረድ» አሉት። «አፈሩን አልመረመርኩም» አለ። «ፈራሁ፣ ተነሣሁ። ሌላ የማውቀው የለም።» እስከ ዛሬ የፈረደ የለም።

ባለፈው ሳምንት፣ ለልቡ ኦፕራሲዮን ሊገባ ሲል፣ ሆስፒታል አብሬው ነበርኩ። ሁላችን «አይዞህ፣ ምንም አትሆንም» እንለዋለን። ሌሎቹ ሲወጡ ጠራኝ።

«አክሊሉ፣ እንደዚህ ፈርቼ አላውቅም።»

ምን ልበለው? ምን ትሉት ነበር?

«እኔም ፈርቻለሁ» አልኩት።

«ጥሩ» አለኝ። «እንግዲያው ቁጭ በል።»

ተቀመጥኩ። ጸለይን። አልጋውን እየገፉ ሲወስዱት ከንፈሩ ነጭ ነበር። አልተመለሰም።

ማንአልሞሽ፣ ከነገ ጀምሮ ቤቱ ጭር ይላል። በሩ ሲንኳኳ ትደነግጫለሽ። ስትፈሪ እንዳትደብቂን። ኮል አድርጊልን፤ በሌሊትም ቢሆን እንመጣለን።

ሀይለየሱስ፣ ወንድሜ፣ አሁን አፈሩን ሊያለብሱህ ነው፤ እኔም ዞር ብዬ መሄዴ ነው። እግሬ እንዴት እንደሚነሣ አላውቅም። አምላክ በብርሃኑ ይቀበልህ። ደህና ሁን፣ ወዳጄ። ደህና ሁን።