ኮሽ የማይልበት ክፍል

ግቢ፣ ግቢ እህት ዓለም! በሩ ላይ ያለውን የጨርቅ ክምር ተሻገሪው። የኔ ቤት እንደኔው ነው፣ ገበናውን መሸፈን አያውቅበትም። እጅሽን ዘርጊ እስቲ። እንዲህ ነው! ወፈር አልሽ ልበል?... አይ፣ ሜትሬ ነው ያረጀው። እኔና እሱን የሚያምነን ከጠፋ ቆየ።

ቀሚሱ ግን እንዴት ያምርብሻል! ለሽልማቱ ቀን ነው አይደል? ሰምቼ እንዴት ደስ እንዳለኝ። እህትሽ የዓመቱ ምስጉን መምህርት! እሰይ። ይገባታል... አትነቃነቂ፣ ወገቡ ላይ ስፒል ልሰካ ነው። እኔ ሳወራ እጄ ይስታል፤ ዝም ብዬ መስፋት ደግሞ አልችልበትም። የሚያውቁኝ ሁሉ «መኪናሽ ቢቆም እንኳ አፍሽ ይሰፋል» ነው የሚሉኝ።

ለዚህ እኮ ነው ጸጥታ የሚያውቅ ሰው የሚገርመኝ። እህትሽን አላልኩም! እንደው አንድ የማውቃት ሰው አለች፤ እሷም መምህርት ናት... መምህር በየቦታው አለ አይደል? የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ አንደኛ ክፍል። ልጆቹ ባንድ ዴስክ አራት አራት ሆነው ተጣበው ይቀመጣሉ፤ ብትገቢ ግን ኮሽ አይልም። ጣት በከንፈር፣ ዓይን በሰሌዳ። ርዕሰ መምህሩ እንግዳ በመጣበት ቁጥር ወደዚያ ክፍል ነው አሉ የሚወስደው። እኔ አንዲት ልጄን አስቀምጬ ፀጉሯን መጎንጎን አቅቶኝ ስታገል፣ ያን ሁሉ ነፍስ በምን አስማት ጸጥ አደረገችው?

የኔዋ ሚጣ እዚያ ነው የገባችው። ብዙም ሳይቆይ ቤት ውስጥ ጣቷን ማንሣት ጀመረች። «እማዬ፣ መውጣት ይፈቀድልኛል?» ሽንት ቤት ለመሄድ እኮ ነው፣ በገዛ ቤቷ! እኔ ጅሏ ደስታዬን አልቻልኩትም። ጎረቤት ጠርቼ «ኑ፣ ጨዋ ልጅ እዩ» አልኩ። ልጅቷ እግሯን አጣምራ ቆማ፣ እኔ አስጨበጭብላታለሁ። ለመምህርቷም ሻርፕ ዘምዝሜ ላክሁላት። በሬ ካራጁ ይውላል አሉ እንጂ ለአራጁ ሻርፕ ይሰፋል ያለ የለም፤ እሱን የጨመርኩት እኔ ነኝ።

ዞር በይልኝ... ቀስ።

ከዚያ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ውሃ አልጠጣም አለች። ሻይም እምቢ። ለምን ብላት፣ «ካልጠጣሁ አይመጣብኝም» አለችኝ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባል የለ? እዚያ ክፍል ውሃም አይገባም! እኔማ ውሃ ለልጅ ደግ ነው እያልኩ በድንቁርና ስኖር...

አንድ ቀን ቀሚሷ ከወገብ በታች ርሶ መጣች። ጠይቃ ነበር፤ ጣቷን ደጋግማ አንሥታ ነበር። «ደወሉ እስኪደወል» ተባለች። ትዕግሥት ሊያስተምሯት እኮ ነው! ግን የኔ ልጅ ናት፣ ትዕግሥት ከየት ታምጣ? አመለጣት። ታዲያ መምህርቷ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ሌሎቹ አይተው እንዲማሩ ሰሌዳው ፊት አቆመቻት። የመንግሥት ትምህርት ቤት መርጃ መሣሪያ የለውም ይላሉ፤ ብልህ ሰው መች ይቸግረዋል? የኔን ልጅ ተጠቀመች። በኋላ ሚጣ ራሷ ቧንቧ ሄዳ አጠበችውና እርጥቡን ለብሳ መጣች። በስድስት ዓመቷ ልብስ ማጠብ! እኔን እናቴ በስንት ቁንጥጫ ነው ያስተማረችኝ። ልጅ ሲወዱ ከነንፍጡ ይባላል... ተረቱም ያለው ንፍጡን ነው፣ ሌላውን ማን ጠራ?

ውይ፣ ወጋሁሽ? በሞቴ ይቅርታ! ስፒሏ ናት። እኔ ሰው አልወጋም።

አሁን ደግሞ ያቺ ሰው እነዚህኑ ልጆች ይዛ ወደ ሁለተኛ ክፍል ትወጣለች አሉ። ሚጣ ይህን በሰማች ማግስት ፍራሿን ርሶ አገኘሁት፤ ከደስታ ይሆናል። ፀሐይ ላይ ሳሰጣው እንባዬ መጣ፣ አልዋሽሽም። «ዛሬስ ልክ ልኳን ነግሬያት ነው የምመለሰው!» ብዬ ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ ስድቤን ሳሰናዳ፣ ሳሰካካ ሄድኩ። ክፍሉ በር ላይ ስደርስ ፈገግ ብላ፣ «ልጅሽ በጣም ጨዋ ናት» አለችኝ። ይሄን ሁሉ የምለፈልፈው ሴትዮ ምን ብመልስ ጥሩ ነው? «አመሰግናለሁ።» ጣቴን ማንሣት ብቻ ነው የቀረኝ!

ስለዚህ ላንቺ ማውራት ይሻለኛል። አንቺ እንደሆንሽ ወሬ አታመላልሺም፤ ለእህትሽማ ጭራሽ... ልጅቷ ውሃ ጠጥታ ትምህርት ቤት ብትሄድ፣ ሲመጣባትም ብትወጣ፣ ሌላ ምን አማረኝ?

በቃ፣ ጨረስኩ። ስፒሎቹ እንዳይወጉሽ ቀስ ብለሽ አውልቂው። በሽልማቱ ቀን ባልጠራም ከዚሁ ልመርቃት... ያቺን ሰው ማለቴ ነው። ዕድሜ ይስጣት! አርጅታ፣ ጃጅታ፣ ከአልጋዋ ሰው ደግፎ የሚያነሣት እስክትሆን ድረስ ዕድሜ ይስጣት። ጧሪ አያሳጣት። ጧሪዋም ልክ እንደሷ ጸጥታ የሚወድ ይሁንላት፤ ጣቷን ባነሣች ቁጥር፣ እሷ ልጄን ባየችበት ዓይን ይያት...

አሜን በይ እንጂ እህት ዓለም!