ግብር ገማቾች እትዬ በላይነሽ ቤት የገቡ ዕለት

በእኛ ጊዜ፣ ልጆች፣ መንግሥት ገንዘብ ሲያጥረው በሬዲዮ ነግሮን ብቻ አይተወንም፤ ቀበሌ ይጠራናል። ይኸው አሁን ሩዋንዳ የምትሉት ሰፈር፣ ያኔ ፎቅ የለ፣ ምን የለ፣ ወተት ከገርጂ በአህያ ይመጣል፣ እኔም አንዲት የስፌት መኪናዬን ይዤ መንገድ ዳር ሱሪ አሳጥራለሁ። ታዲያ አንድ እሑድ ስብሰባ ተባለ። ስብሰባ ከተባለ መቅረት የለም፤ የቀረ የቀበሌው ሱቅ ስኳር ይቀርበታል።

ካድሬው ቆመና፣ "ጓዶች! አገራችን ዕዳ አለባት! መንግሥት ወጪውን ይቀንሳል፣ እኛ ደግሞ..." ሲል አውሮፕላን በላያችን አለፈ። ቦሌ አይደል? እጁን ወደ ላይ እንዳነሳ ቆሞ ይጠብቃል። አለፈ። "እኛ ደግሞ ግብራችንን እናሳድጋለን!" አጨበጨብን፤ ምን እናድርግ? ወጪ ቅነሳውም እዚያው ተጀመረ። የአዳራሹ አምፖል ከአራት ወደ አንድ ወረደ፣ የስብሰባው ሻይ ቀረ፣ ቃለ ጉባኤም በወረቀቱ ጀርባ ጭምር ይጻፍ ተባለ። አንድ ሽማግሌ ብድግ አሉና፣ "ጓድ፣ ስትበደሩ ሳትጠሩን ለመክፈሉ ጠራችሁን?" አሉ። ኧረ ሰውዬው ዛሬ መታሰራቸው ነው አልን! ያ ካድሬ ግን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አባባ፣ እኔንም አልጠሩኝም" አላቸው። ያን ቀን ወደድኩት።

እና በዚያው ስብሰባ ግብር ገማች ሲመረጥ፣ "ወልዴ ልብስ ሰፊው ይሁን፣ እሱ አይዋሽም" ብለው እኔን አስገቡኝ። አያችሁ፣ ያኔ ትንሽ ነጋዴ መዝገብ አይዝም፤ ገማቹ ቤታችሁ ይገባል፣ ዕቃችሁን ያያል፣ ኑሯችሁን ያያል፣ በዚያ ልክ ግብር ይቆርጥላችኋል። ታዲያ ሰዉ ምን ያደርጋል? ገማች መጣ ሲባል ሱቁን ያራቁታላ! ስኳሩ አልጋ ሥር፣ ሳሙናው ጎረቤት ቤት። ትናንት ሁለት ኩንታል ጤፍ ሲያወርድ ያየሁት ሰውዬ፣ ዛሬ አሮጌ ካፖርት ለብሶ፣ "ኧረ ጓድ ወልዴ፣ እኔ እኮ ክብሪት ብቻ ነው የምሸጠው" ይለኛል። ካፖርቱን የጣፍኩለት እኔው ነኝ!

እትዬ በላይነሽ ግን ሌላ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ በቤታቸው መስኮት ጨው፣ ሻማ፣ ዘይት በስኒ እየለኩ እየሸጡ ሁለት ልጆች ያስተምራሉ። ግብሩ ትንሽ ከበድ ካለባቸው መስኮቷ ትዘጋለች፤ መስኮቷ ከተዘጋች ደግሞ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ይወጣሉ። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እኔም፣ ምን አላቸውና ይገመታል ብዬ፣ ስለሳቸው አልሰጋሁም ነበር።

ታዲያ ከግብር መሥሪያ ቤት የተላከው ወጣት ፎርሙን ይዞ፣ እኔ ተከትዬው ገባን። ጉድ ፈላ! ስድስት ወንበር ዙሪያውን ተደርድሯል፣ ባለ አበባ ብርጭቆ፣ ጥልፍ የጠረጴዛ ልብስ፣ ዶሮ ወጡ ይሸታል፣ መደርደሪያው ላይ ደግሞ ትልቅ ሬዲዮ! "ኑ ግቡ! ኑ አረፍ በሉ! ቤት ለእንግዳ!" ይላሉ እትዬ፣ የክት ቀሚሳቸውን ለብሰው። ሌላው ያለውን ሲደብቅ፣ እሳቸው የሌላቸውን ከየቤቱ ተውሰው ደርድረዋል! የመንግሥት ሰው ቤቴ ገብቶ ባዶ ቤት ሊያይ? ብለው ነዋ። የመሥሪያ ቤቱ ልጅ ይበላል፣ ይጽፋል። "ወንበር ስድስት... ሬዲዮ አንድ..." ይላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አይደል የሚባለው? እዚያ ፎርም ላይ አንዴ ከሰፈረ አለቀ።

እኔ ሬዲዮውን አየዋለሁ፣ ሬዲዮው ያየኛል። የኔ ነው! ጠዋት ቤቴ ትቼው የወጣሁት! ለካ ባለቤቴን አስካለን፣ "እንግዳ ይመጣብኛል" ቢሏት አውጥታ ሰጥታቸዋለች። ብናገር ገመናቸውን በእንግዳ ፊት መግለጤ ነው፤ ዝም ብል መስኮቷ መዘጋቷ ነው። በጠረጴዛው ሥር የልጁን እግር ነካ አደረግኩት፣ ይገባዋል ብዬ። "ይቅርታ" ብሎኝ እግሩን ሰበሰበ!

በመጨረሻ አላስቻለኝም። "ሬዲዮው የኔ ነው" አልኩ።

"በምን አውቃለሁ?"

"ጀርባውን አዙረው። ክዳኑ ተሰብሮ በሱሪ ላስቲክ አስሬዋለሁ።"

አዞረው። ላስቲኩ አለ።

"ወንበሮቹስ?"

"የዕድር ናቸው። ገልብጠህ እይ፣ ከሥራቸው ቀይ ቀለም አለባቸው።"

"ታዲያ የሳቸው የቱ ነው?"

እትዬ በላይነሽ ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ "የምትበላው ዶሮ የኔ ነው፣ ልጄ" አሉት።

ልጁ በእጁ የያዘውን ጉርሻ አየው። ከዚያ ቀስ ብሎ እስክሪብቶውን አነሳና ሁሉንም ሰረዘ፤ ከሁሉ የሚያንሰውን ግብር ጻፈላቸው። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ኋላ ላይ በርበሬው ነው አለኝ። ደግሞ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ሬዲዮው ያንተ መሆኑን አምነሃል አይደል?" አለና በእኔ ፎርም ላይ አሰፈረው! የዚያን ዓመት የአገሩን ዕዳ በሬዲዮዬ ከፈልኩ እላችኋለሁ!

በማግስቱ እትዬ ሬዲዮውን ራሳቸው ተሸክመው መጡ። በጓሮ እንዳይመስላችሁ፣ በዋናው መንገድ፣ ሰው ሁሉ እያያቸው። አስቀመጡልኝና፣ "ወልዴ፣ ልጆቼ ከትምህርት ቤት እንዳይቀሩ አደረግክ፣ እግዜር ይስጥህ" አሉኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ በሩ ላይ ሲደርሱ ዘወር አሉና፣ "ሁለተኛ ግን እንግዶቼ ፊት እንዳታድነኝ" ብለውኝ ሄዱ። ሦስት ወር ሙሉ ሰላምታ ነሱኝ!

"ታዲያ አባባ፣ ምን ማድረግ ነበረብህ?" ነው የምትሉኝ፣ ልጆች?

እኔም ሲታረቁኝ ይህንኑ ጠየቅኳቸዋ! "እትዬ፣ እስቲ ይንገሩኝ፣ ምን ማድረግ ነበረብኝ?" ብላቸው፣ "ዶሮህን ዝም ብለህ በልተህ፣ ግብሩን ማንም ሳያይ ብትከፍልልኝ ምን ነበረበት?" አሉኝ። ሃ ሃ ሃ! እውነታቸውን እኮ ነው!