ከሁለት የሚጀምረው ሜትር

ጡረታ የወጡት የሂሳብ መምህር የልጅ ልጃቸውን አስከትለው ለበራቸው ሳንቃ ሊገዙ አናጢው ዘንድ ጎራ ቢሉ፣ አገኛታለሁ ብለው ያላሰቧትን ሰው አገኙ። የልጅቷ አስተማሪ፣ በልጅነቷ እሳቸው ራሳቸው ያስተማሯት ወጣት፣ ጣውላ ትመርጣለች። ጎንበስ ብላ ሰላም አለቻቸው። እሳቸውም ደህንነቷን ጠየቁ፤ ፊታቸው ግን አልተፈታም። ሐሙስ የወላጆች ኮሚቴ ስለ እሷ ክፍል ሊመክር ነው፤ ሰብሳቢው ደግሞ እሳቸው ናቸው።

«ልጄ፣ ፊት ለፊት ልናገርና ይውጣልኝ» አሉ። «አምና ተማሪዎችሽ በካርቶን ከተማ ሠሩ፤ አጨበጨብን። ፈተና ሲመጣ ግን የአንዲት ክፍል ስፋት ማስላት አቃታቸው። ዘንድሮ ደግሞ መደርደሪያ ታሠሪያቸዋለሽ አሉ። ሐሙስ ይህ ሥራ እንዲቀር ልጠይቅ ነው፤ እንዳትቀየሚኝ።»

የተማረ ሰው እንዲህ ሲወቀስ ሰበብ ፍለጋ ይሮጣል። እሷ አልሮጠችም።

«እውነትዎን ነው፣ ጋሼ። አምና የተነሳሁት ከከተማዋ ነው፤ ታምራለች ብዬ። ልጆቹ ምን እንዲያውቁ እንደምፈልግ ራሴን አልጠየቅሁም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቀለም ሲቀቡ ከረሙ።»

ዘንድሮ ግን፣ አለች፣ እንጨት ሳትገዛ በፊት አንድ መስመር ጽፋለች፦ ሥራው ሲያልቅ እያንዳንዱ ልጅ ብቻውን ለክቶ፣ አስልቶ፣ ልክ መሆኑንም አጣርቶ ማስረዳት ይችላል። ይህን መቻላቸውን በምን እንደምታውቅ ወሰነች። መደርደሪያው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቀለሙ ለዚያች መስመር ስለማይረዳ ቀረ። በየሳምንቱም እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው ይጠየቃል፤ ጎበዝ ጓደኛ ጀርባ መደበቅ የለም።

«ወረቀት ላይማ ሁሉም ያምራል» አሉ ሽማግሌው። ከአናጢው ጠረጴዛ ላይ ሜትሩን አንስተው አንዱን ሳንቃ ለኩ፤ መቶ ሃያ ሁለት ሳንቲ ሜትር። ከዚያ ለልጅ ልጃቸው ሰጧት። ይህች ልጅ አምና ሂሳብ ሲነሳ ደብተሯን የምትደብቅ ነበረች። ሜትሩን አገላብጣ አየችና ለክታ «መቶ ሃያ» አለች።

ተሳሳተች ብለው ዞር አሉ። መምህርቷን «አየሽልኝ?» አሏት።

«አባባ፣ ጫፉን እየው እንጂ» አለች ልጅቷ። «ተቆርጧል። ከሁለት ነው የሚጀምረው።»

አናጢው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። የሜትሩ ጫፍ ከተቆረጠ ዓመታት ሆኖታል፤ እሱ እየቀነሰ ለምዶታል፤ ይህን ያስተዋለ ደንበኛ ግን እስከ ዛሬ አልገጠመውም።

«እንዴት አወቅሽ?» አሏት አያቷ።

«ክፍላችንም እንዲህ ያለ ሜትር ነበር። በሱ ለክቼ የቆረጥኩት እግር አጠረና መደርደሪያችን ተንጋደደ። ቲቸር ምክንያቱን አልነገረችንም፤ ራሳችሁ ድረሱበት አለችን። ሁለት ቀን ፈጀብን።»

ሽማግሌው የሜትሩን ጫፍ በጣታቸው ዳሰሱ። ርዝመትን ዕድሜ ልካቸውን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ አስተምረዋል፤ አንድም ልጅ ሜትር አስይዘው አያውቁም። ቅር አላላቸውም፤ ደስ አላቸው።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ» አሉ መምህርቷን። «ለሷም፣ ለእኔም።»

«ከማን ተማርኩት ታዲያ? ሰሌዳው አናት ላይ ሁልጊዜ ‹ዛሬ ይህን ትችላላችሁ› ብለው ይጽፉልን ነበር። ሊወጡ ሲሉ ወደዚያች መስመር ተመልሰው ‹ቻላችሁ?› ይሉናል። አምና የረሳሁት እሷን ነው። ምስጋናውስ ለእርስዎ ነው።»

መምህሩ ለአናጢው አዲስ ሜትር ገዝተው አሮጌውን ወሰዱ።

ሐሙስ ኮሚቴው ሲሰበሰብ ስብሰባውን በንግግር አልከፈቱም። ያንን ሜትር ለአባላቱ ሰጥተው ጠረጴዛውን በየተራ አስለኩ። ሁሉም እኩል በሁለት ሳንቲ ሜትር ተሳሳቱ። ከዚያ ልጅቷ ገብታ ለካች፤ ስህተቱንም አሳየች። ሥራ ግቡ ቀድሞ ከታወቀ ልጅ በእጁ እየሠራ እንደሚማር፣ ስህተቱን ራሱ እንደሚያርም፣ አስተማሪም ማን ወደኋላ እንደቀረ በጊዜ እንደምታውቅ ሽማግሌው አስረዱ። ሥራው ይቅር ያለ አባል አልነበረም።

በማግስቱ ጧት መምህርቷ ክፍሏ ስትገባ ሽማግሌውን ከተማሪዎቹ መሀል፣ ከልጅ ልጃቸው አጠገብ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ሰሌዳው አናት ላይ የምትጻፈውን መስመር እየጠበቁ ነበር።