እርማት የሚጠብቀው የአቶ ራማሮሶን ታሪክ

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ ከቅርብም ከሩቅም መጥታችሁ በዚህ ግቢ የተሰበሰባችሁ ወዳጅ ዘመዶች፤ ከመካከላችሁ በዕድሜ የሚበልጡ፣ በንግግር የሠለጠኑ፣ ለዚህ ቦታ የሚገቡ ብዙዎች እያሉ፣ ታናሽ የሆነው የሟቹ የእህት ልጅ ቲያና በፊታችሁ ቆሞ በማንበቡ አስቀድሞ ይቅርታችሁን ይለምናል። ይቅርታው ለወጉ ያህል ብቻ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ስሕተት መኖሩን ቤተሰቡ ያውቃል፤ የትኛው እንደ ሆነም በመጨረሻው ይነገራል።

ሁላችሁም እንደ ሰማችሁት፣ ሟቹ አቶ ራማሮሶን ዢልቤር ለቅሶ ለመጣው ሕዝብ ከቤቱ ወገን የሚሰጠውን መልስ ባለቤታቸው ወይዘሮ ቮሎሎና እንዲሰጡ ተናዘዋል። በአምባቶሜና ይህን መልስ ሴት ሰጥታ አታውቅም፤ ሽማግሌዎቹ ግን ተመካክረው ስለ ሟቹ ክብር ሲሉ ፈቅደዋል። ነገር ግን አቶ ራማሮሶን ካረፉ ወዲህ ከወይዘሮ ቮሎሎና አፍ አንዲት ቃል አልወጣችም፤ አላለቀሱም፣ ለተጠየቁትም አልመለሱም። እነሆ ከፊት ተቀምጠው መሬት መሬት ያያሉ። ይህ ንባብ ሲያበቃ ተራው የእርሳቸው ነው፤ የቤቱ ሰዎች ሁላችን የፈራነውም ይህንኑ ነው።

አቶ ራማሮሶን ዢልቤር ደሴታችን ነፃነቷን ከማግኘቷ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ ሩዝ በሚታጨድበት ወር፣ ከአባታቸው ከአቶ ራናይቮና ከእናታቸው ከወይዘሮ ራፋራ በዚሁ በአምባቶሜና መንደር ተወለዱ። አባታቸው በበሬ በሚጎተት ጋሪ ድንችና ካሮት ወደ አንትሲራቤ ገበያ የሚያመላልሱ፣ መንገዱን ሙሉ ከበሬዎቻቸው በቀር ከማንም ጋር የማይነጋገሩ ሰው ነበሩ፤ እናታቸው በአንጻሩ ዋጋ ሲከራከሩ ድምፃቸው ከገበያው አልፎ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ድረስ ይሰማ ነበር። በእኛ ዘንድ ወንዱ ነገሩን ዞሮ ዞሮ ሲደርስበት ሴቷ ፊት ለፊት የምታፈርጠው ልማድ በዚያ ቤት ውስጥ ከሌላው ቤት ይልቅ ጎልቶ ይታይ ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በቤታፎ ወደሚገኘው የሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብተው፣ ከትምህርታቸው ይልቅ በወሬያቸው እየታወቁ፣ በቅጣትም ከክፍሉ ጥግ እየቆሙ ጥቂት ዓመታት ከተማሩ በኋላ፣ አስተማሪያቸው ይህ አፍ አንድ ሥራ ላይ ይዋል ብለው በሰንበት ቀን መጽሐፍ ቅዱስ እንዲያነቡ ምእመናኑ ፊት አቆሟቸው። ልጁ ራማሮሶን ምዕራፉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ትንፋሽ ወርደው ጨርሰው ተቀመጡ። ከአገልግሎቱ በኋላ የእናታቸው ወንድም፣ በዚያ ዘመን በአካባቢው ወደር ያልነበራቸው ተናጋሪ አቶ ራይኒቫኦ፣ ትከሻቸውን ያዝ አድርገው «አንተ ልጅ፣ ማንን ቀድመህ ልትደርስ ነው? ሰዉ እኮ ገና በር ላይ ጫማውን እያራገፈ ነበር!» አሏቸው። ከዚያ ሰንበት ጀምሮ አጎታቸውን ተከትለው ወደ ሰርጉም ወደ ለቅሶውም እየሄዱ፣ ካባሪ የምንለውን የአደባባይ ንግግር መማር ጀመሩ።

አቶ ራይኒቫኦ ያስተማሯቸው ከቃላቱ በፊት ስለ ሰዎቹ ነበር። ወደ አንድ ግቢ ሲገቡ ማን ከማን ርቆ እንደ ተቀመጠ፣ ማን በቅርብ ሐዘን እንደ ደረሰበት፣ ከማን ጋር ማን እንደማይነጋገር አይተው ሳይጨርሱ አፋቸውን እንዳይከፍቱ፤ ከዚያም በይቅርታ እንዲጀምሩ፤ ድምፃቸውንም ከፊት ለተቀመጠው ታላቅ ሰው ሳይሆን ከኋላ ጆሯቸው ለከበደ አሮጊት እንዲለኩ አስለመዷቸው። ተማሪው ግን ወጣት ነበሩና የሚያምሩትን ቃላት ሰበሰቡ፤ ሌላውን ለጊዜው ተዉት።

ትምህርታቸውን እንዳቋረጡ በአንትሲራቤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በሸማኔነት ተቀጥረው እስከ ጡረታቸው ድረስ አገልግለዋል። በዚያ አዳራሽ የመሸመኛዎቹ ጩኸት የሰውን ድምፅ ስለሚውጠው ሠራተኞቹ የሚግባቡት በከንፈርና በእጅ ነበር። አቶ ራማሮሶን በኋላ ዘመናቸው ለደቀ መዛሙርታቸው ሲናገሩ፣ ሰው ያልገባው ጊዜ አንገቱን እንዴት እንደሚይዝ፣ የገባው መስሎ ለመታየት ሲፈልግም እንዴት ቶሎ ቶሎ እንደሚነቀንቅ የተማሩት ከአጎታቸው ሳይሆን ከዚያ አዳራሽ እንደ ሆነ ይመሰክሩ ነበር።

በዚሁ ሥራ ላይ እያሉ ነበር የሕይወታቸውን አቅጣጫ የለወጠው ነገር የደረሰው። አብሮ አደጋቸውና የሥራ ባልደረባቸው አቶ ራሊሶን የዛሬዋን ወይዘሮ ቮሎሎናን ለማግባት አስበው፣ ሽምግልናውን አቶ ራማሮሶን እንዲመሩላቸው ለመኗቸው። እንደ ወጉ የሙሽራው ወገን ተናጋሪ ይናገራል፤ የሙሽራይቱ ወገን ተናጋሪ ደግሞ ስሕተቱን እየለቀመ ያርመዋል፣ ይቀጣዋል፤ በየእርማቱም ሳቅ ይፈነዳል፤ በዚያም ሳቅ ሁለቱ ቤተሰቦች ይዛመዳሉ። አቶ ራማሮሶን ግን ወራት ሙሉ ተዘጋጅተው ስለ ነበር፣ አንዲት እንከን የማይገኝላት ንግግር አደረጉ። ታላቅ አልዘለሉም፣ ሰላምታ አላጓደሉም፣ በአያት ስም አልተሳሳቱም። የሙሽራይቱ ወገን ተናጋሪ አዛውንቱ አቶ ራማሃዞ ጣልቃ ሊገቡ አንድ ሁለት ጊዜ አፋቸውን ከፍተው መልሰው ዘጉት፤ ዘመዶቻቸውም አንገታቸውን ደፉ። በመጨረሻም አዛውንቱ «ልጄ፣ አንተው ጀምረህ አንተው ጨርሰኸዋል፤ ለእኛ ያስቀረህልን ነገር የለም። እንግዲያው ላቱንም ይዛችሁ ግቡ» ብለው እንደ ወጋችን ለሙሽራይቱ ወላጆች የጋብቻ ስጦታ ሆኖ የቀረበውን የበግ ላት መለሱት፤ ጋብቻውም በዚያው ቀረ።

ወደ ቤት ሲመለሱ አቶ ራሊሶን በመንገድ ላይ «አንተ ሰውዬ፣ ሚስት ጠይቅልኝ አልኩህ እንጂ ሽማግሌ ደብድብልኝ አልኩህ?» እንዳሏቸው እርሳቸው ራሳቸው እዚህ ተቀምጠው ሊመሰክሩ ይችላሉ። አቶ ራይኒቫኦም ነገሩን በሰሙ ጊዜ ብዙ አልተቆጡም፤ «ግንቡን አሳምረህ ሠራኸው፣ በር ግን አላወጣህለትም። ታዲያ ሰውየው በየት ይግባ?» አሏቸው። አቶ ራማሮሶን ይህችን ቃል ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው አልረሷትም።

አቶ ራሊሶን እንኳ ብዙ አላዘኑም፤ በዚያው ዓመት ወይዘሮ ኖሮን አግብተው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እስከ ዛሬ አብረው አሉ። አቶ ራማሮሶን ግን ያዋረዱትን ቤት ይቅርታ ሳይጠይቁ እንቅልፍ ስላልወሰዳቸው፣ ብቻቸውን ወደ ሙሽራይቱ ግቢ ሄዱ። ወይዘሮ ቮሎሎናንም ሩዝ ሲያበጥሩ አገኟቸው። እንግዳው ቆመው ከታላላቆች ምስጋና አንሥተው፣ ከዝናቡና ከአዝመራው አልፈው፣ ወደ ጉዳያቸው ቀስ እያሉ ሲጠመዘዙ፣ ልጅቷ ሰፌዳቸውን አስቀምጠው «ይቅርታ ለመጠየቅ ነው የመጣኸው ወይስ ለመሸመን? ባጭሩ በለው፣ ሥራ አለብኝ» አሏቸው። እርሳቸውም በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ቃል ተናገሩ፤ «አጠፋሁ» አሉ። «እሺ፣ አሁን ገባኝ» ብለው ልጅቷ ሰፌዳቸውን አነሡ። ያች ቃል ስለ ጣፈጠቻቸው ይሁን ወይም በሌላ ምክንያት፣ አቶ ራማሮሶን ወደዚያ ግቢ መመላለሳቸውን አልተዉም።

በሚቀጥለው ዓመት አቶ ራይኒቫኦ በተራቸው ለእኅታቸው ልጅ ለአቶ ራማሮሶን ወደዚያው ቤት ሽምግልና ገቡ። ያን ቀን ብርቱ ዝናብ ይጥል ነበር፤ ከጣራው ጠርዝ የሚወርደው ውሃ የተናጋሪውን ድምፅ እየሸፈነ፣ የበጉም ላት በሰሌን ተጠቅልሎ ወደ ቤት ገባ። ታላቁ ተናጋሪ አውቀው የሙሽራይቱን አያት ሰላም ሳይሉ አለፉ፣ የዘር ሐረጉንም በአንድ ትውልድ ዘለሉት። አዛውንቱ አቶ ራማሃዞ ፊታቸው በርቶ ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ አረሙ፣ ቀጡ፣ ደግመውም ቀጡ፤ ሰዉም ከዝናቡ ጩኸት በላይ ሳቀ። ጋብቻውም በሳቅ ተፈጸመ። አቶ ራሊሶን ግን እስካሁን ድረስ በየሰርጉ «ለኔ ጠይቆ ለራሱ ያገባው» እያሉ ወዳጃቸውን ከማስተዋወቅ አልቦዘኑም።

በትዳራቸውም ሃንታን፣ ንጃካንና ላላኦን ወልደው፣ አሳድገው፣ አስተምረው፣ ለወግ ማዕረግ አብቅተዋል። በዚህ ቤት የልጆቹ ጥፋት የሚነገረው በሁለት ዓይነት መንገድ ነበር፤ አባታቸው ጥፋቱን ሳይጠሩት ምሽቱን ሙሉ ሲዞሩት፣ እናታቸው ከማድ ቤት በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጨርሱት ነበር። ልጆቹ ግን ከእናታቸው ዐረፍተ ነገር ይልቅ የአባታቸውን ምሽት ይፈሩ እንደ ነበር ይናገራሉ።

አቶ ራማሮሶን ስማቸው ከቤታፎ አልፎ በአንትሲራቤም ከተጠራ በኋላ እንኳ፣ በንግግራቸው ሁሉ ውስጥ ሌላ ሰው እንዲያገኘው አንድ ስሕተት ይተዉ ነበር። በውሃ ምክንያት ለዓመታት የተኳረፉ ሁለት ወንድማማቾችን ለማስታረቅ በተጠሩ ጊዜ፣ የመስኖውን ታሪክ ሲያወሩ ቦዩን የቆፈሩት የወንድማማቾቹ አጎት ናቸው አሉ። ሁለቱም ከሁለት ማዕዘን በአንድ ድምፅ «አባታችን ነው እንጂ!» ብለው ጮኹ፤ ከዚያም እርስ በርስ ተያዩ። አቶ ራማሮሶን ይቅርታ ጠይቀው ተቀመጡ፤ የቀረውን ወንድማማቾቹ ራሳቸው ተነጋገሩት። በሰንበት ከሰዓት በኋላ ወደ ቤታቸው ለሚመጡ ወጣቶችም ያስተማሩት ይህንኑ ነው። ከዋና ከተማ የመጣ አንድ ተማሪ በቃሉ ያጠናውን ረጅም ንግግር አንበልብሎ ሙገሳ ሲጠብቅ «ድንቅ ነው፤ አሁን ደግሞ ተቀመጥና ስትሰማ እንይህ» ስላሉት፣ ልጁ በመጀመሪያ ተቀይሞ፣ ኋላ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ደቀ መዝሙራቸው ሆኗል።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከፋብሪካው ያጠራቀሙት የጥጥ ብናኝ ሳንባቸውን ስለ ጎዳው ትንፋሻቸው አጠረ፤ ንግግራቸውም አብሮ አጠረ። አቶ ራሊሶን «ከታመምክ ወዲህ ንግግርህ ተሻለው» ብለው ሲቀልዱባቸው፣ ትንፋሻቸው እስኪቆራረጥ ድረስ ይስቁ ነበር። ሕመማቸውን ያለ ብዙ ምሬት፣ በልጆቻቸውና በልጅ ልጆቻቸው ተከብበው፣ በወይዘሮ ቮሎሎና እጅ እየጎረሱ አሳለፉት። ሰዓታቸው መድረሱን ባወቁ ጊዜ ይህን የሚያነበውን የእህታቸውን ልጅ ወደ አልጋቸው ጠርተው «ሁሉን አስተካክለህ እንዳትጽፈው። ለእሷ መግቢያ ተውላት» አሉት። ከዚያ በኋላም ጥቂት ቀናት ቆይተው፣ በተወለዱበት ቤት፣ በሰላም አረፉ።

አቶ ራማሮሶን ዢልቤር ባለቤታቸውን ወይዘሮ ቮሎሎናን፣ ልጆቻቸውን ሃንታን፣ ንጃካንና ላላኦን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ «ዳዳቤ»፣ አያታችን፣ እያሉ የሚጠሯቸውን የመንደሩን ልጆች ሁሉ፣ እኅታቸውን፣ ወዳጃቸውን አቶ ራሊሶንንና እንዲያዳምጡ ያስተማሯቸውን ብዙ ተናጋሪዎች ትተው አልፈዋል። የሰውን ልብ ሳይነገረው የሚሰማ አምላክ ነፍሳቸውን ከአባቶቻቸው ጋር ያሳርፍልን፤ ወደ መቃብራቸው ለምንሸኘው ሥጋቸውም አፈሩን ያቅልልላቸው፤ ከዓመታት በኋላ ቀኑ ደርሶ፣ እንደ ወጋችን ዐፅማቸውን ከመቃብር አውጥተን አዲስ ከፈን ልናለብሳቸው ስንሰበሰብም ሁላችንንም በጤናና በፍቅር ያገናኘን።

አሁን ስለ ስሕተቱ። ስሕተቱ ዝናቡ ነው። አቶ ራማሮሶን ያን የሽምግልና ቀን ባወሩት ቁጥር ዝናብ ያዘንቡበት ነበር፤ ወይዘሮ ቮሎሎናም ባሉበት ሆነው «የምን ዝናብ! ፀሐዩ አናት ይበሳ አልነበረም እንዴ?» እያሉ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ይመጡና፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ታሪክ ከባላቸው አፍ ነጥቀው፣ የአቶ ራማሃዞን ድምፅ አስመስለው፣ ቤቱን በሳቅ ሞልተው ራሳቸው ይጨርሱት ነበር። አቶ ራማሮሶን ያን ጊዜ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጧቸው ነበር፤ ከአንደበተ ርቱዓኑ ሁሉ በፍጹም ደስታ ሲያዳምጡ ያየናቸው እርሳቸውን ብቻ ነው።

ወረቀቱ እዚህ ላይ ያበቃል። እትዬ ቮሎሎና፣ ያን ቀን ዝናብ ይጥል ነበር ብለን ለዚህ ሁሉ ሕዝብ አንብበናል፤ እስካሁን ማንም አላረመንም።